ሚስት የማትገባበት ክፍል

ቀናተኛ ነኝ። ቶሮንቶ የሚያውቀኝ ሐበሻ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ እናንተም ከመጀመሪያው እወቁትና ነገሩን እንደዚያ አድርጋችሁ ስሙኝ። ባሌ ግርማ ከሴት ጋር ቆሞ ካወራ፣ ሴትየዋ ሰባ ዓመት ያለፋት ባልቴት ብትሆንም፣ መሃላቸው ገብቼ እቆማለሁ። እናቴ በልጅነቴ «ይቺ ልጅ በጥላዋም ትቀናለች» ትለኝ ነበር። ልክ ነበረች፤ እስካሁንም አልተሻለኝም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ናይንቲዎቹ አጋማሽ ነው። ስካርቦሮ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ላውንደሪ እሠራለሁ፤ ግርማ ደግሞ ኢቶቢኮ አንድ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። ከተጋባን ሦስት ዓመት አልፎናል፣ ልጅ ገና አልወለድንም፣ የካናዳ ፓስፖርታችንን ከያዝን ብዙ አልቆየም። ግርማ ዝምተኛ ነው። እንዴት ካናዳ እንደገባ እንኳ ስጠይቀው «እንደ ሰው ሁሉ በአሜሪካ ድንበር፣ በቡፋሎ በኩል ነዋ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔም እሱ ካለፈው ነገር ይልቅ ስላሁኖቹ ሴቶች ስለምጨነቅ ብዙ አልገፋሁበትም።

አንድ ምሽት እራት እያቀረብኩ ስልክ ጮኸ።

«ሃሎ፣ አቶ ግርማን ማነጋገር ይቻላል?» አለችኝ አንዲት ሴት። ድምጿ ሬዲዮ ላይ ዜና የምታነብ ነው የሚመስለው።

«ማን ልበል?»

«ሄለን እባላለሁ። ከእሳቸው ጋር የምንነጋገርበት የግል ጉዳይ ነው።»

የግል ጉዳይ! በእኔ ስልክ፣ በእራት ሰዓት፣ የግል ጉዳይ! ስልኩን ለግርማ አቀበልኩት። እሱ ደግሞ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ረጅሙን ሽቦ እየጎተተ ባኞ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። «እሺ… አዎ፣ አስታውሳለሁ… አይ፣ እመጣለሁ… ብቻዬን ነው የምመጣው።»

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማናት?»

«አስተርጓሚ ናት። ቡፋሎ ካለው የዓቃቤ ሕግ ቢሮ ነው የደወሉት። እሷ መሃል ገብታ ትተረጉማለች።»

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም። ምስክር ነኝ።»

ቁጭ አለና በአጭሩ ነገረኝ። ያኔ ቡፋሎ ድረስ አምጥቶ በድንበሩ ድልድይ ወደ ካናዳ ያሻገረው ደላላ በሰዎች ላይ ግፍ ሠርቷል፤ አሜሪካኖቹ ሊከሱት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ግራንድ ጁሪ የሚባል ጉባኤ ፊት ምስክሮች ቃላቸውን መስጠት አለባቸው።

«ግዴታ ነው?» አልኩት።

«አይደለም። እኔ ያለሁት ካናዳ ስለሆነ ሊያስገድዱኝ አይችሉም። ብትመጣ ደስ ይለናል፣ ባትመጣም መብትህ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«እሄዳለሁ።»

ይህ ሰው እኮ ኦፍ ቀኑ ላይ ክርስትና ሲጠራ ወገቤን አመመኝ የሚል ሰው ነው! ማንም ሳያስገድደው አገር አቋርጦ ምስክርነት? ደግሞስ አስተርጓሚው ለምንድነው? ፎርክሊፍት ላይ ሆኖ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ ሆኪ ያያል። ይህንኑ ብጠይቀው «እዚያ ቤት የሆነውን በእንግሊዝኛ መናገር አልችልም» አለኝ። እኔ ግን በልቤ «አይ፣ ነገሩስ ሌላ ነው፤ ድምጿን ወደህ ነው» አልኩ።

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«የሺ፣ ብቻዬን ብሄድ ይሻላል።»

«ባሌ ፍርድ ቤት ሲቆም እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ድንች ልላጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

የእኛ ሰው እንደምታውቁት ለአጥር ክስ እንኳ ብቻውን ፍርድ ቤት አይሄድም። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ተሰብስቦ ግቢውን ይሞላዋል። ስለዚህ በማግሥቱ ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ። ጋሼ ታደሰ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ አዲስ አበባ ሳሉ ፍርድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። ሕግ የተባለ ነገር ሲነሳ ሁላችንም ወደ እሳቸው ነው የምንዞረው።

«አንቺ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ?» አሉኝ። «አሜሪካም ሆነ አራት ኪሎ፣ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ነው። እኔ እነዳችኋለሁ፣ እኔ አብሬው እገባለሁ።»

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ግርማ የሰርጋችንን ሱፍ ለበሰ። ከዋዜማው ፀጉሩን ተስተካክሏል። ሽቶ ሲነሰንስ ያዝኩት።

«ሽቶው ለዓቃቤ ሕጉ ነው?»

«ላብ ላብ እንዳልል ነው፤ ፈርቻለሁ» አለኝ። አላመንኩትም።

በጋሼ ታደሰ መኪና ሦስታችን ሄድን። ጋሼ መንገዱን ሙሉ ድሮ ያዩትን ክርክር ሁሉ ተረኩልን፤ ግርማ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን ያያል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወደ ወንዙ አልተመለከተም፤ ዓይኑን ጨፍኖ አለፈ። ያን አስተውያለሁ፣ ግን ለሄለን ሲል የሚጸልይ መስሎኝ ተናደድኩ። ቅናት እንዲህ ያደርጋል፤ ሁሉን ያሳያችኋል፣ ምንም አያስገነዝባችሁም።

ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሄለን ቆማ ስትጠብቅ አየኋት። ወይኔ! ረጅም፣ ግራጫ ሱፍ የለበሰች፣ ፀጉሯ አጭር ተቆርጦ ያማረባት። እሷም ለካ የቶሮንቶ ልጅ ናት፤ ቡፋሎ አማርኛ የሚተረጉም ሲያጡ ከእኛው ከተማ ነው ያስመጧት። ግርማን ጨበጠችው። እኔን ስትጨብጠኝ ጣቶቿን እስኪያማት ድረስ ጨመቅኳቸው። ጋሼ ታደሰ ደግሞ ለዕድሩ ጉዳይ ትጠቅመናለች ብለው ቢዝነስ ካርዷን ተቀበሏት።

የግርማ ስም ሲጠራ ሦስታችንም ተነሳን። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ግን እጁን ዘርግቶ አገደን።

«ሚስቱ ነኝ በይልኝ» አልኳት ሄለንን።

ነገረችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። «ሚስትም አትገባም ነው የሚለው» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ነው የሚገባው?»

«ጁሪዎቹ ናቸው። ከሕዝቡ መሃል የተመረጡ ተራ ሰዎች፤ ሃያ ምናምን ይሆናሉ። ዓቃቤ ሕጉ፣ ቃል የምትመዘግበው ሴት፣ ቃሉን የሚሰጠው ምስክር። በቃ።»

«አንቺስ?»

«አስተርጓሚ ካስፈለገ ይገባል።»

እዩልኝ! ባሌን ወደ ውስጥ ሊወስዱት ነው፣ እኔ ቀርቼ እሷ ልትገባ ነው።

ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኛው ይፈቅዱልኛል፤ ለዳኛው ንገሪልኝ።»

«ዳኛ እኮ የለም፣ ጋሼ።»

«ዳኛ የለም? ጠበቃስ?»

«ጠበቃም አይገባም። ምስክሩ ጠበቃ ቢኖረው እንኳ እዚሁ ኮሪደር ላይ ነው የሚጠብቀው። ምስክሩ ምክር ካስፈለገው ወጥቶ ጠይቆት ይመለሳል።»

«ተከሳሹስ?»

«ገና አልተከሰሰም። እነሱ የሚወስኑት ለመክሰስ የሚበቃ ነገር አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ ነው። ጥፋተኛ ነው አይደለም አይሉም፤ እሱ በኋላ በግልጽ ችሎት ነው። ሲመካከሩ ደግሞ ዓቃቤ ሕጉም እኔም ሁላችንም እንወጣላቸዋለን።»

ጋሼ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። «ዳኛ የለ፣ ተከሳሽ የለ፣ ጠበቃ የለ! ይሄማ ሙሽሮቹ የቀሩበት ሰርግ ነው!»

ሁለቱ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩና በሩን ስመለከት ቆየሁ። ወፍራም እንጨት ነው፣ አንድ ድምፅ አያሳልፍም። ያ ሁሉ የማላውቀው ፈረንጅ የባሌን ጉድ እየሰማ ነው። እሺ፣ እነሱስ ፈረንጆች ናቸው፣ ነገ ይረሱታል። ሄለን ግን በአማርኛ ነው የምትሰማው፣ ከአፉ እንደወጣ፣ ትኩሱን። ይህን ሳስበው ተነስቼ እቆማለሁ፣ ጋሼ ታደሰ በቀሚሴ ጎትተው ያስቀምጡኛል።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ግርማ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላው ሄለን ወጣችና ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችው። ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«ምን ሆነሃል? ግርማ!» ብዬ ዘለልኩ።

በእጁ ተዪኝ አለኝ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ተመልሶ ገባ። ከተጋባን ጀምሮ ይህ ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አባቱ ሞቶ የተረዳ ቀን እንኳ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ ነው የዋለው። አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በሰው ሴት ሶፍት…

ጨርሶ ሲወጣ ሄለን ከርቀት ተሰናብታን ሄደች። እኔ መኪናው ጋ ሳንደርስ ጀመርኩ።

«ምን ጠየቁህ? ምን ብለህ ነው ያለቀስከው?»

ግርማ አፉን ከፈት አደረገ። ያኔ ነው ጋሼ ታደሰ መሃል የገቡት።

«ተይው! አንተም አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ምለህ አይደለም እንዴ የገባኸው?»

«ምያለሁ» አለ ግርማ።

«እኮ! መሐላ ነው፤ ግዝት በለው። ይህን ያህል በር ዘግተው፣ ሚስት ከልክለው የሰሙትን ነገር፣ ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ያውራላት ይላሉ? ከተናገርክ ያስሩሃል። እኔ እኮ በዚህ ሥራ ነው ያረጀሁት!»

ግርማ ጋሼን አየ፣ እኔን አየ። «አዎ» አለ ቀስ ብሎ። «መናገር አልችልም፣ የሺ።»

ከቡፋሎ ስካርቦሮ እስክንደርስ ጋሼ ታደሰ እንኳ ተረታቸው አለቀ። ቤት ገብተን ምግብ አቀረብኩ፣ አልበላም። እኔም አልበላሁም። እሱን ሕግ አፉን ዘግቶታል፤ እሺ፣ ይሁን። አንዲት ሴት ግን አለች፣ በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ ሰዓት እግሯን አንፈራጥጣ ተቀምጣ፣ እኔ የማላውቀውን ባሌን የምታውቅ። ይህን ማሰብ ብቻውን ሊያሳብደኝ ደረሰ።

ጠዋት ግርማ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ታምሜአለሁ ብዬ ሲክ ኮል አደረግኩና ለጋሼ ታደሰ ደወልኩ። ለዕድሩ ጉዳይ ነው ብዬ የሄለንን አድራሻ ተቀበልኳቸው። ኖርዝ ዮርክ፣ ያንግ መንገድ ላይ ያለ ፎቅ። በባስ፣ ከዚያ በሰብዌይ ሄድኩ። ሊፍቱ ውስጥ መስተዋት ነበር፤ ነጠላ ጫማ አድርጌ መውጣቴን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ሄለን ጠረጴዛዋ ላይ ሳንድዊች እየበላች ነበር። አየችኝና ተነሳች።

«ወይዘሮ የሺ፣ ደህና ነዎት?»

«አንቱ አትበይኝ፣ እኩያሽ ነኝ። ባሌ ምን ብሎ ነው ያለቀሰው?»

በሩን ዘጋችና ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ይህን ልነግርሽ አልችልም።»

«እኔ ሚስቱ ነኝ! አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ምኑም አይደለሁም» አለችኝ። «ለዚህ እኮ ነው እንድሰማ የተፈቀደልኝ።»

በጥፊ የመታችኝ ያህል ነው የተሰማኝ፤ እሷ ግን የተናገረችው ረጋ ብላ ነው።

«ትወጂዋለሽ?»

«እህቴ፣ ባል አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባልሽን ያየሁት ትናንት ነው።»

«እሺ፣ እሱን ተዪው። ብቻ ምን እንዳለ ንገሪኝና ልሂድ። እሱ መናገር አይችልም፣ ያስሩታል።»

«ማን ነው ያስሩታል ያለሽ?»

«ጋሼ ታደሰ።»

ሄለን ሳንድዊቿን በወረቀቱ ጠቀለለችው። ልታስብ ጊዜ የፈለገች መሰለኝ።

«ስሚኝ» አለች። «ክፍሉ ውስጥ ስለተባለው አንዲት ቃል አልነግርሽም፤ ለእናቴም አልናገርም። ሕጉ ግን ሚስጥር አይደለም፣ ማንም ሰው መጽሐፍ ገልጦ ያነበዋል። ጁሪዎቹ እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። ዓቃቤ ሕጉ ተከልክሏል። መዝጋቢዋም እኔም ተከልክለናል። ምስክር ግን አልተከለከለም። የሚምለው እውነት ሊናገር ነው እንጂ ዝም ሊል አይደለም። የተናገረው ቃል የራሱ ነው፤ ሲወጣ ለፈለገው ሰው ሊናገር ይችላል።»

«ለሚስቱም?»

«ለሚስቱም።»

አሁን ተቀመጥኩ። ልጣላት የመጣሁት ሴት ውሃ ቀዳችልኝ፣ ጠጣሁላት። የምቀናባት ሰው እጄ ላይ ሟሟችብኝ፤ ቅናቱ ግን የትም አልሄደም። እንዲያውም ባሰበት። ሕግ ነው አፉን የዘጋው ብዬ ነበር እኮ። ለካ ራሱ ነው የዘጋው! ለዚያ ሁሉ ባዕድ የተናገረውን ለእኔ አልናገርም ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው።

ከኖርዝ ዮርክ ኢቶቢኮ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ዌርሃውሱ በር ላይ ቆሜ ለዘበኛው «ግርማን ጥራልኝ» አልኩት። ግርማ የደህንነት ጫማውን እየጎተተ ወጣ። ሲያየኝ የሰው ሞት ላረዳው የመጣሁ መስሎት ደነገጠ።

«መኪና ውስጥ ግባ» አልኩት።

ወደ ሥራ ይዞት የሚመጣው መኪናችን ውስጥ ገባን፣ በሩን ዘጋሁ።

«ሄለን ጋ ሄጄ ነበር።»

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። ከአንተ የተሻለች ናት፤ መሐላዋን ትጠብቃለች። አንተ ግን ምንም መሐላ የለብህም። ታውቅ ነበር?»

መሪውን ያዘ። «ነግረውኝ ነበር» አለ። «ጋሼ ታደሰ ያን ሲሉ ግን ደስ አለኝ። እግዜር የላካቸው መሰለኝ።»

«ለእነሱ እንደነገርካቸው ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

ጀመረ። «ከደላላው ጋር ስንመጣ አንዲት ልጅ አብራን ነበረች። ሰናይት ትባላለች።»

ይኸው! አልኩ በልቤ። ይኸው መጣች።

«ቆንጆ ነበረች?»

«የሺ…»

«መልስልኝ!»

«አዎ፣ ቆንጆ ነበረች። ደላላው ቡፋሎ አንድ ቤት አስቀመጠን። ባለትዳሮችን ቶሎ ያሻግራል፣ ብቻቸውን የመጡ ሴቶችን ግን ያስቀራል። ምን እንደሚያደርጋቸው ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። የደረስን ዕለት ሰናይት ክንዴን ያዘችና ባሌ ሁንልኝ አለችኝ። እኔም ደላላው ሲጠይቀኝ አልኩት።»

«ምን አልክ?»

«ሚስቴ ናት አልኩ።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ያን ጊዜ እኔ እዚሁ ቶሮንቶ ነበርኩ፣ ገና አያውቀኝም፣ ገና አላውቀውም። ቢሆንም አንጀቴ አረረ። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት «ሚስቴ» ተብላለች።

«አንድ ክፍል ተኛችሁ?»

«እሷ አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ።»

«እኔ ይህን ልመን?»

«እነሱም ጠይቀውኛል። ምዬ ነው የመለስኩት።»

ሳምንት ያህል እንደቆዩ ነገረኝ። ሹራቡን እንደሰጣት፣ ሸሚዙን እንዳጠበችለት፣ ደላላው ሲመጣ እጁን እንደምትይዘው። እያንዳንዷ ነገር እንደ መርፌ ትወጋኛለች፣ እኔ ግን «ቀጥል፣ ቀጥል» እላለሁ። መጨረሻው ፍቅር ነው ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። «እስካሁን እወዳታለሁ» ሊለኝ ነው ብዬ የመኪናውን እጀታ ጨብጫለሁ።

«አንድ ጠዋት ደላላው ኪችን ጠራኝ» አለ ግርማ። «መኪናው ውስጥ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። ሚስትህ ከሆነች ሁለታችሁም ቆዩ፣ መቼ እንደምትሄዱ እኔ አላውቅም። ሚስትህ ካልሆነች ግን አሁኑኑ ጃኬትህን ልበስ አለኝ። እሷ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች።»

ከመሪው ላይ እጁን አወረደ።

«ግርማ?»

«ጃኬቴን ለበስኩ።»

ከዌርሃውሱ አንድ ትልቅ ትራክ ወጥቶ መኪናችንን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

«አፍ አውጥተህ ተናገርክ?»

«አይደለችም አልኩ። እሷ ፊት። ትናንት አንዷ ጁሪ ጠየቀችኝ፤ እነሱም ይጠይቃሉ። እሷ ምን አለች? አለችኝ።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ጓንቴን አልጋው ላይ ረስቼ ነበር፣ ሮጣ አምጥታ ሰጠችኝ። ብርድ ነው አለችኝ።»

እዚህ ላይ ነበር ውሃ ሊጠጣ የወጣው። እዚህ ላይ ነበር ሶፍቱ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ምነው ወዷት በነበረ አልኩ። እኔ የማውቀው ቅናት ለፍቅር ነው፣ ለሱ መሣሪያ አለኝ፤ እጮሃለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ አኮርፋለሁ። ለዚህ ግን ምን ይዤ ልውጣ?

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ፈረንጅ ካመንክ?»

«እነሱ አብረውኝ አይኖሩም» አለ። «አንቺን ሚስቴ ባልኩሽ ቁጥር ያን ቀን ታስቢዋለሽ። እኔ ራሴ አስበዋለሁ። ለሰው ሳስተዋውቅሽ ቃሉ ከአፌ አይወጣም።»

እውነትም! ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «የሺ ትባላለች» ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ሌሎች ሴቶች ፊት ያላገባ መምሰል አምሮት ነው እያልኩ ስንት ቀን ተጣልቼዋለሁ።

የምሳ ሰዓት ማለቂያ ደወል ተደወለ። ግርማ አልወረደም።

«ትተዪኛለሽ?» አለኝ።

ወርጄ ባስ ፌርማታው ጋ ሄድኩ። ባሱ ስካርቦሮ እስኪደርስ ድረስ ሰናይት ከዚያ በኋላ ምን ሆነች እያልኩ ነበር የማስበው። ያቺን ሴት በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠልቻት፣ ቀንቼባት፣ ከዚያ ደግሞ አልቅሼላታለሁ።

አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ማንም ሳያስገድደው ሄዶ ያን በገዛ አፉ ስለተናገረ ነው። ይቅር ብለሽው ነው ወይ ለሚለው ግን መልሴ አጭር ነው፤ የበደለው እኔን አይደለም፣ የሌላ ሰው ይቅርታ ከኪሴ አውጥቼ ልሰጠው አልችልም። አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ «ሌላ ጊዜ ስትናገር እኔ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ።»

እናንተ ይህን የምታነቡ ሚስቶችና ባሎች፣ ስለ ቅናት መምከር የእኔ ሥራ አይደለም፤ እኔን ራሴን የሚመክረኝ አጥቼ ነው ያለሁት። የተማርኩት ግን ይህን ነው። ኪሱን ስፈትሽ፣ ስልኩን ሳዳምጥ፣ የሸሚዙን አንገት ሳሸት የኖርኩት ባሌ ማንን ይወዳል ብዬ ነበር። ምን ያስፈራዋል ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አይመልስም፣ ግን በር አይዘጋም። ቅናቱስ ለቀቀሽ ወይ ካላችሁኝ ደግሞ የችሎቱን ቀን ላውራችሁ።

ግራንድ ጁሪው እንዲከሰስ ወሰነ፤ ከብዙ ወራት በኋላ ደላላው ቡፋሎ በግልጽ ችሎት ቀረበ። በዚህኛው በር ማንም አላገደኝም፣ ማን ነሽም አላለኝም። ዳኛው አለ፣ ጠበቃው አለ፣ ደላላውም አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩና ግርማ ሲናገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጓንቱ ጋ ሲደርስ አየኝ፣ እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። የደላላው ጠበቃ ሊጠይቀው ሲነሳ ግን መቀመጥ አቃተኝና ኮሪደር ወጣሁ።

አግዳሚው ላይ አንዲት ሐበሻ ሴት ተራዋን እየጠበቀች ተቀምጣ ነበር። ሳይነግሩኝ አወቅኳት። አንድ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ እስኪያስወጣት ድረስ እዚያ ቤት ወራት ቆይታለች፤ ይህን ግርማ ከዓቃቤ ሕጉ ሰምቶ ነግሮኝ ነበር። ከእግር እስከ ራሷ አየኋት። ቆንጆ ናት፣ አልዋሸኝም። እና ይህን ብዬ ሰው ፊት ባፍርም፣ ያ የድሮው ነገር ተነሳብኝ። ቀናሁባት! በእሷ! የት እንደቆየች እያወቅኩ!

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ።

«የግርማ ሚስት ነኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺንም ሚስቴ ይልሻል?» አለችኝ።

«አሁን አሁን ይለኛል።»

«ታምኚዋለሽ?»

እውነቱን ተናገርኩ።

«ስለ እኔ እስካሁን እንደዚያ ደላላ ማንም ጠይቆት አያውቅም» አልኳት።

ሰናይት ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ስሟ እስኪጠራ ድረስ አብረን ተቀመጥን።